የደረቅ አፍ ምርቃት

ከናሮክ ወጣ ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2000

ልጄ ሲላንቶይ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሞምባሳ ባሕር ዳር ተቀምጠሽ፣ ዓሣ የሚባል ነገር እየበላሽ፣ ለሰው ልጆች ሒሳብ እያስተማርሽ እንኳ በደብዳቤሽ መጀመሪያ የጠየቅሽው ስለ ከብቶቹ ነው። ስለዚህ ገና ሙሉ በሙሉ አልተበላሸሽም። ከብቶቹ ቆመዋል። ከመቆም ሌላ የሚችሉት ነገር የለም። ዝናቡ እመጣለሁ እያለ የሚቀር እንግዳ ሆኗል፤ ደመናው ይሰበሰባል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ እንደ ምክር ቤት አባል ቃል ገብቶ ይበተናል። ባለቤቴ ናሉቱዌሻ ሰላም ብላሻለች። ጎህ ሳይቀድ ከአህዮቹ ጋር ውሃ ፍለጋ ስለምትወጣ ሰላምታዋ አጭር ነው።

ዓይኔ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍቶቼ ተጣብቀው ያድሩና በጣቴ እፈለቅቃቸዋለሁ፤ ከተከፈቱ በኋላ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሰው አሸዋ ሲነሰንስባቸው ያደረ ይመስለኛል። ከዚያ በቀር ደህና ነው። መድኃኒት አዋቂ ነኝ የሚለውን ያንን ጎረቤታችንን አማክሬዋለሁ። «ክፉ ዓይን አይቶሃል» አለኝ። «የማን?» አልኩት። «ቅርብህ ያለ ሰው» አለኝ። ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ያይ የነበረው ፍየሌን ነው። ፍየሏን ወስዶ አንድ ቅጠል ጨመቀብኝና ሁለት ቀን ሙሉ ዓለምን በጭስ ውስጥ አየሁ። የጤና ጣቢያው ልጅ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አቧራ ነው» አለ። አቧራውማ ለሁላችንም እኩል ነው። ለምን እኔን ብቻ መረጠ ብዬ ብጠይቀው «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

ስለ አፌ አልጠየቅሽኝም፤ ስለዚህ አልነግርሽም።

የጎረቤታችን የሬሲያቶ ልጅ ስም የወጣላት ዕለት ድግሱ ጥሩ ነበር። ቀደም ብዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። ኦገስት ላይ ያንን ሌኪሾን የሚባል ረጅም ልጅ ልታገቢ ነው። ቁመቱን አይቻለሁ፤ ቁም ነገሩን ገና አላየሁም። አባትሽ ፓርሙአት ቢኖር ኖሮ ከቤት ስትወጪ ደረትሽ ላይ እንትፍ ብሎ የሚመርቅሽ እሱ ነበር። እሱ ከሌለ ወንድሙ ነው። ወንድሞቹ ደግሞ ሁለት ነን፤ ከአንድ እናት የወጣሁት እኔ፣ ከአያትሽ ሌላ ሚስት የተወለደው ቱማንካ። ቱማንካ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በሌላ በምንም አይበልጠኝም። «ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲመርቀኝ አልፈልግም» ብለሽ ጽፈሻል። ኦገስት ገና ሩቅ ነው። እስከዚያ ሙሽራው ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

አጎትሽ ኬሬቶ

~

ሞምባሳ፣ ማርች 5 ቀን 2000

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናዎን አልጠይቅም፤ ደህና ነኝ ብለው ይዋሹኛል። እርስዎ ያልጻፉልኝን ነገር ጎረቤትዎ ሴሜያን ጻፈችልኝ። ሬሲያቶ በየቤቱ እየዞረች «ኬሬቶ ልጄን አልመርቅም ብሎ ደረቁን እፍ አለባት» እያለች ነው አሉ። ቱማንካም ሰምቶ «የአሽሟጣጭን አፍ ኤንካይ ራሱ ነው የሚዘጋው» ብሎ ፈርዷል። አምላክ ለአገሩ ሁሉ ዝናብ መስጠት አቅቶት ሳለ የእርስዎን አፍ ለመዝጋት ጊዜ አገኘ ማለት ነው።

ስለ አፍዎ ስላልጠየቅሁ አልነግርሽም ብለውኛል። እሺ፣ ስለ አፍዎ እጠይቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? የኡጋሊ ገንፎ ያለ ውሃ ይወርድልዎታል? ባለፈው ስመጣ ሥጋውን አላምጠው አላምጠው ለውሻው ሲወረውሩ አይቻለሁ፤ «ጠንካራ ነው» አሉኝ፤ ሥጋው የጥጃ ነበር። ጥርስዎስ? ከጆሮዎ በታች ያበጠውን ነገር «ንብ ነድፋኝ ነው» ብለውኝ ነበር። በዚህ ድርቅ የትኛዋ ንብ ናት?

እዚህ አብራኝ የምታስተምር ሴት አክስቷ እንዲሁ ዓይኗም አፏም ይደርቅባት ነበር። ናይሮቢ ሐኪም አላት። በሽታ ነው፣ ስም አለው፣ እርግማን አይደለም። ሌኪሾን ናይሮቢ ላለ ጓደኛው አውቶቡሱ ላይ እንዲቀበልዎ ነግሮታል። እምቢ ካሉ ራሴ መጥቼ እንደ ጥጃ አስሬ እወስድዎታለሁ።

ቱማንካ ይመርቅሽ ብለው እንዳይጽፉልኝ ደግሞ። ያ ሰው ሲናገር ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሁሉ ጃንጥላ ያስፈልገዋል። የአባቴን ከብቶች አባቴ ሳይቀበር የቆጠረ ሰው ምራቁን ደረቴ ላይ አያሳርፍም።

ልጅዎ ሲላንቶይ

~

ከናሮክ ወጣ ብሎ፣ ሜይ 20 ቀን 2000

ልጄ ሲላንቶይ፣

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ። እንዳልኮረፍኩ እወቂ፤ ትንሽ ብቻ ነው የኮረፍኩት። ሐኪሟ ምን አለች ብለሽ ሦስት ጊዜ መላክሽን አውቶቡስ ነጂው ነግሮኛል፤ ሦስተኛውን ሲነግረኝ ራሱም ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

ሐኪሟ ያንቺ ዕድሜ ናት። ምላሴን በእንጨት ገልብጣ አየችና እንደ ሽማግሌ አክብራ «ምዜ፣ ውሃ የሚጠጡት መቼ ነው?» አለችኝ። «ባገኘሁ ጊዜ» አልኳት። ከዚያ ቀጭን ወረቀት አምጥታ ጫፉን አጠፈችና የታችኛው ሽፋሽፍቴ ላይ አንጠለጠለችው። ዕንባዬ ምን ያህል ያርሰዋል ብላ ልታይ ነው። «ክፉ ነገር ላስብ?» አልኳት። «ምንም አያስቡ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለች። እኔ ግን ቱማንካን ራሱን አሰብኩት። ወረቀቱ ሲወጣ ይህ ደብዳቤ ሊጻፍበት የሚችል ደረቅ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ከከንፈሬ ውስጥ ትንሽ ቆርጣ ወሰደች። የናይሮቢ ሰው የማይወስደው ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነቴ ውስጥ ከጠላት ይጠብቁኛል ብዬ የመገብኳቸው ወጣት ተዋጊዎች፣ ሞራኖች፣ አሉ። እነዚህ ጎረምሶች ጠላት ሲጠፋ ሥራ ፈቱና የራሴን የውሃ ጉድጓዶች ወረሩ። የዕንባውን ደፈኑት፣ የምራቁን ደፈኑት። ስሙ ሾግረን ይባላል፤ የአንድ የስዊድን ሐኪም ስም ነው አለችኝ። ይታይሽ! በረዶና ሐይቅ የሞላው አገር የተወለደ ሰው ድርቀትን በስሙ አስመዘገበ። እኛ እዚህ ስንደርቅ ስንኖር በስማችን የጠራው ማንም የለም።

«ይድናል?» አልኳት። «አይድንም፤ ግን እየተንከባከቡት አብረውት ይኖራሉ» አለች። ልክ እንደ ቱማንካ።

ትእዛዙ ብዙ ነው። ዓይኔ ውስጥ በየጊዜው ጠብታ አደርጋለሁ፤ የሰው ሠራሽ ዕንባ ነው። በሕይወቴ አልቅሼ የማላውቀው ሰውዬ አሁን በጠርሙስ ዕንባ ይዤ እዞራለሁ። ትንባሆ ተከለከልኩ። ስኳር ተከለከልኩ፤ አፍ ሲደርቅ ጥርስ ይበሰብሳል አለች፤ ሁለቱ ቀድመው ሄደዋል። ጭስ ያለበት ቤት አይቀመጡ አለች፤ ቤታችንን አላየችም። ነፋሱን እንዲከልልልኝ ጥቁር መነጽር ገዛሁ፤ የመንደሩ ልጆች «መኪና ሌባ!» እያሉ ይከተሉኛል። የምውጠው ክኒን ለወባም የሚሰጥ ነው፤ ናሉቱዌሻ ለሰው ሁሉ ወባ ነው ብላ ነገረች፤ በሽታው ከእርግማን ወደ ወባ ዝቅ ስላለ ደስ ብሏታል።

አንዱ ትእዛዝ ግን ከበደኝ። ውሃ ከእጅዎ አይለይ፣ በትንሽ በትንሹ አፍዎን ያርጥቡ ተብያለሁ። ሽማግሌዎች ስለ ጉድጓዱ ጉዳይ ዛፉ ሥር በተሰበሰብንበት ዕለት ጠርሙሴን አውጥቼ ጎንጨት አልኩ። ቱማንካ ተነሣ። «እዩት! ጥጆች በጥማት እየወደቁ ኬሬቶ እንደ ከተማ ሴት ይጎነጫል!» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳላሳይ ነው የምጠጣው።

የሬሲያቶን ነገር አንሥተሽብኛል። ልጅቷን ሰጡኝ፣ ግንባሯ ላይ እንትፍ ልላት ጎንበስ አልኩ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ እንደ ቁርበት ተለጥፏል። እንትፍ አልኩ፤ ነፋስ። ደግሜ እንትፍ፤ ነፋስ። በእኛ ዘንድ ደረቅ ትንፋሽ የሚነፋው እባብ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሬሲያቶ ልጇን በጨርቅ ሸፍና ከእጄ ወሰደቻት። ያቺ ለፍላፊ አለመናገሯ ነው ነገሩን ያስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ልጅ አላመጣልኝም። አልሄድኩም እንጂ አልከለከሉኝም እላለሁ ለሚጠይቀኝ።

ይኸው ነው። የቀረውን በሚቀጥለው ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን የቀረ የለም።

አጎትሽ ኬሬቶ

~

ሞምባሳ፣ ጁን 11 ቀን 2000

አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ለሌኪሾን አነበብኩለት። የስዊድኑ ሰውዬ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ የውሃ ጠርሙሱ ጋ ስደርስ ግን ሳቁን አቆመ። ለዚህም ልቤ ይበልጥ ወደደው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስድስት የዓይን ጠብታ ልኬያለሁ። ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ የውሃ እንስራው ሥር ያድርጉት። ስኳር የሌለው ማስቲካም አለ። «ሽማግሌ ማስቲካ ያላምጣል ወይ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ትንባሆ ሲያላምጡ ማን ጠየቀዎት? ውሃዎንም በሰው ፊት ይጠጡ። በእነዚያ ሰዎች ፊት የሚያፍሩ ከሆነ ከእነሱ ባሰ ሞኝ ሆነዋል ማለት ነው፤ እርስዎን ደግሞ ከእነሱ ተራ ማሰለፍ አልፈልግም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ይመርቁኛል ወይስ አይመርቁኝም? ምራቁ ቢያንስዎት ወተት ጎንጨት አድርገው እንትፍ ማለት አይቻልም ወይ? ትንሽ ቢሆንስ? የጠየቅሁት ጎርፍ አይደለም። ለሠርጉ ሌላ የምጨነቅበት ነገር የለኝም፤ ልብሱ ተዘጋጅቷል፣ በሬው ተገዝቷል፣ አማቴ ኖሲኪቶክ እንኳ እስካሁን አንድ ክፉ ቃል ብቻ ነው የተናገረችኝ።

አዎ ወይም አይሆንም ይበሉኝ። ቀልድ አይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሲላንቶይ

~

ከናሮክ ወጣ ብሎ፣ ጁላይ 16 ቀን 2000

ልጄ ሲላንቶይ፣

አይሆንም።

ቀልድ አትጻፍ ስላልሽኝ እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን አላስቻለኝም።

ወተቱ በረት ለመመረቅ ነው። ወተት ጉንጩ ውስጥ ይዞ እንትፍ ማለት ማንም ጎረምሳ ይችላል። ለሙሽራ የሚሰጠው ከአባት ምላስ ሥር የወጣ ውሃ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ደረቷ ላይ ያርፋል፣ ሳይጠረግ በራሱ ይደርቃል። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። በሠርግሽ ቀን ሁለት መንደር ቆሞ እያየ እኔ ጎንበስ ብዬ ነፋስ ብነፋብሽ፣ ከዚያ በኋላ የምትወልጂው ልጅ ባነጠሰ ቁጥር «ያ ደረቅ አፍ» ይሉሻል። ለእኔ ይበሉኝ፤ ለምጄዋለሁ። ለአንቺ ግን አይሆንም።

ቱማንካ ይመርቅሽ። ምራቅ ሞልቶታል። ሌላው ሰው አእምሮ በሚያስቀምጥበት ቦታ እሱ ያለው ምራቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል፤ እሱማ ከወዲሁ እየዞረ «የወንድሜን ልጅ እኔ ነኝ የምድራት» እያለ ለከብቶቹ ጭምር ነግሯቸዋል። ምርቃት የአፉ ባለቤት ማን ይሁን ማን ምርቃት ነው። ቧንቧው ቢዝግም ውሃው ውሃ ነው። ይህን የምጽፈው አምኜበት እንዳይመስልሽ፤ አንቺ እንድታምኚበት ነው።

ሠርጉ ላይ አልገኝም። ኦገስት ነፋሱ ብርቱ ነው፣ አቧራውም ለዓይኔ አይሆንም፤ ሐኪሟም ከልክላኛለች። (ስለ ሠርግ አልጠየቅኋትም።) ናሉቱዌሻ ትመጣለች፣ ስለ እኔም ትጨፍራለች። እኔ ከብቶቹን እጠብቃለሁ። የትም የመሄድ አቅም የላቸውም፤ ግን ጠባቂ ሲኖራቸው ደስ ይላቸዋል።

ይቅር በይኝ።

አጎትሽ ኬሬቶ

~

ካጂያዶ አጠገብ፣ ኦገስት 27 ቀን 2000

አጎቴ፣

ይቅርታ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ናሉቱዌሻ ምን ብላ እንደነገረችዎት አላውቅም፤ በደንብ ነግራዎት ከሆነ ተቆጥተዋል፤ ካልነገረችዎት ደግሞ አሁን ይቆጣሉ።

ለመቀበል ወስኜ ነበር፤ እውነቴን ነው። ቧንቧው ቢዝግም ያሉትን እያልኩ ነበር ፊቱ የቆምኩት። እሱ ግን ዝም ብሎ መርቆ ቢሄድ ምን ነበረበት? ጉሮሮውን ሲያጸዳ ቆየና ወደ ሕዝቡ ዞሮ «የዚህች ልጅ አጎት ጉድጓዱ የደረቀው ኤንካይ ንቆት ነው። ልጄ፣ አንቺ ከሞላው ጠጪ!» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ እንትፍ አለብኝ። እንዳሉት ሞልቶታል።

አጎቴ፣ የቀይ ልብሴን ጫፍ አነሣሁና ጠረግሁት። ሳላውቀው አይደለም፤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው። ከአንገቴ ጀምሬ እስከ ታች ድረስ፣ ሕፃን የተፋውን እንደሚጠርጉ አድርጌ።

ቱማንካ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረቀበት ያኔ ይመስለኛል። ሴቶቹ ዘፈኑን ለመጀመር ሞከሩ፤ ሞተባቸው።

የሌኪሾን መንደር ስንደርስ እናቱ ኖሲኪቶክ በረቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ምርቃት የጠረገች ሴት የማንም ልጅ አይደለችም። ከአባቷ ቤት ሌላ ምርቃት እስካላገኘች ድረስ የበረቴን ደጃፍ አታልፍም» አለች። ይኸው ከሠርጉ ጀምሮ ከመንደሩ ውጪ በሌኪሾን አክስት ቤት ነው ያለሁት። ምግብ ያመጡልኛል፤ ድምፅ ግን አያመጡልኝም። ሌኪሾን ማታ ማታ ደጁ ላይ ከእኔ ጋር ይቀመጥና ተነሥቶ እናቱ ዘንድ ይሄዳል። «አብረን ሞምባሳ እንመለስ፣ የራሷ ጉዳይ» ይለኛል። እንደዚያ ከሄድኩ ግን ተመልሶ የእናቱን ደጃፍ አይረግጥም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እናቱን ያጣ ባል ይዤ መሄድ አልፈልግም።

ቱማንካ ዘንድ ሰው ልከው ነበር። «ከእግሬ ሥር ተንበርክካ ትለምነኝ» አለ። አልለምነውም። ቢጠማኝም አልለምነውም።

ከአባቴ ቤት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሠርጌ ላይ ላለመምጣት አቧራውን ሰበብ አድርገዋል፤ ይቅር ብዬዎታለሁ። አሁን ግን ይምጡ። ነፋስም ቢሆን ይንፉብኝ፤ የእርስዎ ነፋስ ይሁን።

ልጅዎ ሲላንቶይ

~

ከናሮክ ወጣ ብሎ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2000

አንቺ ባለጌ፣

ናሉቱዌሻ ሠርጉ «ጥሩ ነበር» ብላኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ! እሷም እንደኔ ዝም ማለት ተማረች። ደብዳቤሽን ሳነብላት «ይኸው አሁን አወቅህ» አለችና እህል መፍጨቷን ቀጠለች።

መጀመሪያ ልቆጣ ነው የተነሣሁት። ምርቃት አይጠረግም! አያትሽ ቢሰሙ ከመቃብር ተነሥተው በዱላ ያሳድዱሽ ነበር። ከዚያ «ሕፃን የተፋውን እንደሚጠርጉ» የሚለው ጋ ደረስኩ። ሳቅሁ። ናሉቱዌሻ ወባው ጭንቅላቴ ላይ የወጣ መስሏት ሮጣ መጣች።

ሐሙስ እመጣለሁ። ለአማትሽ ሁለት ነገር ንገሪልኝ። አንደኛ፣ ውሃ ይዤ እመጣለሁ፤ በሰው ፊት እጠጣለሁ፤ የሚስቅ ካለ ከወዲሁ ስቆ ይጨርስ። ሁለተኛ፣ ወተት ጉንጬ ውስጥ ደብቄ አላታልላትም። ካልመጣ አልመጣም እላታለሁ። እሱን ከወዲሁ ልታውቀው ይገባል፤ አንቺም።

ፈርቻለሁ። ይህን ለናሉቱዌሻ አልነገርኳትም።

አጎትሽ ኬሬቶ

~

ከናሮክ ወጣ ብሎ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2000

ልጄ ሲላንቶይ፣

ሞምባሳ በሰላም መግባትሽን፣ ኖሲኪቶክም አንድ ቅል ቅቤ አሸክማ መሸኘቷን ጽፈሽልኛል። ያቺ ሴት ቅቤ መስጠቷን ለሰው አትንገሪ፤ ስሟ ይጠፋል። ሌኪሾን ሚስቱ መመረቋ ሳያንሰው ደግሞ ሰላምታ ልኮልኛል፤ ከቁመቱ ሌላም ነገር እንዳለው እየጠረጠርኩ ነው። እኔ እንዳየሽኝ ነኝ። ጠብታው እንስራው ሥር ነው፣ ጥርሴን ማታ ማታ እቦርሻለሁ፣ ማስቲካውን ዛፉ ሥር በሽማግሌዎች መሃል ተቀምጬ አላምጣለሁ። ሁለቱ ለምነውኝ ሰጥቻቸዋለሁ።

ቱማንካ አያናግረኝም። ይህ በሽታ ቀደም ብሎ ቢይዘኝ ኖሮ ስንት የሰላም ዓመት ባገኘሁ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ያን ያህል ሰዓት ሁሉም ሲጠብቅዎት ዓይንዎን ጨፍነው ከንፈርዎን ያንቀሳቅሱ ነበር አሉኝ፤ ይጸልዩ ነበር ወይ?» ብለሻል።

አልጸለይኩም። ልንገርሽ፤ ለኖሲኪቶክ ግን እንዳትነግሪያት።

አንቺ ፊቴ ተንበርክከሻል፤ እነሱ ጀርባሽንና ፊቴን ያያሉ፤ አንቺ ግን ጎንበስ ስላልሽ ፊቴን አላየሽውም። የመጀመሪያውን እንትፍ ስል እንደፈራሁት ነፋስ ሆነ። አንድ ሴት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያኔ ነው ለአማትሽ «ነይ፣ ጣትሽን አምጪ» ያልኳት። የፍየል ዕድሜ እንደሚያዩ ጣቷን ከምላሴ ሥር አስገባችው። ስታወጣው አየችው፣ በልብሷ ጠረገችው፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም። «ይህ ሰውዬ አልከለከላትም፤ የለውም» አለች ለሕዝቡ። ያን ጊዜ ነው ያ ጥርስ የሌለው የሌኪሾን አጎት «ሞተር ብስክሌት ነው እንዴ? ገፍተን እናስነሣው?» ያለው። ሁሉም ሳቀ፤ አንቺም ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼሻለሁ፤ ለማልቀስ ይሁን ለመሳቅ አልገባኝም።

እኔ «በቃ፣ አልመጣም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ኖሲኪቶክ ናት የቀደመችኝ። ዱላዋን ተክላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «ሁለት ክረምት ዝናብ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች የአንድ ሽማግሌ አፍ መጠበቅ ያቅተናል? ተቀመጡ!» አለች። ተቀመጡ። ቅድም ወደ ኋላ ያፈገፈገችውም ሴት ተቀመጠች። ውሃዬን ተጎነጨሁ፣ ዋጥኩት፣ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያሰብኩት ቱማንካን ነው። አባትሽ ሳይቀበር በረቱ ውስጥ ሲዞር፤ ዛፉ ሥር በጥማቴ ሲያስቅብኝ፤ ፊትሽ ቆሞ ጉሮሮውን ሲያጸዳ። ሙሉ በሙሉ አመጣሁት፤ ሆዱን፣ ቀለበቱን፣ ሳቁን። ይታይሽ፣ መጣች! ከምላሴ ሥር፣ ጉንጬን እያከከች፣ ለወራት አይቻት የማላውቃት ምራቅ። ሰውን መናቅ ይህን ያህል እንደሚያርስ ሐኪሟ አልነገረችኝም። አፌ ውስጥ ይዤያት ጎንበስ አልኩ። ደረትሽ እዚያው ነው፤ ሁሉም እያየ ነው፤ እንትፍ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ግን የማን ናት? ለእሱ የወጣች ናት። በእሱ ላይ ልትፋ ያመጣኋትን አንቺ ላይ ላሳርፍ? የአንዱን ቱማንካ መጥረግሽ ሳያንስ ሌላ ቱማንካ በእኔ አፍ ይምጣብሽ?

ዋጥኳት። መራራ ነበረች።

እነሱ ይህን አላወቁም። ፀሐዩ ዞሯል፣ ፍየሎቹ ከግጦሽ ገብተዋል፣ ያ ጥርስ የሌለው አንቀላፍቷል። አፌ እንደገና ቁርበት ሆነ። የማስበው ሰው ሁሉ አለቀብኝና ምንም ማሰብ ተውኩ። ዓይኔን ስገልጥ የአንገትሽን ጀርባ አየሁ፤ ጉልበትሽ ደንዝዞ እንኳ ቦታሽን አልቀየርሽም። ከዚያ በኋላ በራሷ የመጣችውን ጠብታ አንቺም ታውቂያታለሽ፤ ዝንብ ብትጠጣት የማታረካት ያህል ናት፤ ኖሲኪቶክ ቀርባ ካላየች የምታምን አልነበረችም።

ስለዚህ ጸሎት ነበር ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይህ ነው። አንቺ ላይ ያረፈችው ሁለተኛዋ ናት።

አጎትሽ ኬሬቶ